የት እንገናኛለን? በጌዴኦ መንገዶች ላይ የአንጻራዊ ፍጥነት ስሌት

የቡና ለቀማ ወቅት ሲገባ በጌዴኦ ዞን በስልክ ደጋግመው ከሚነሡ ጥያቄዎች አንዱ «የት ደረስክ?» የሚለው ነው። አቅራቢው እሸት ቡና የጫነውን ሾፌር ይጠይቃል፤ አርሶ አደሩ በሞተር ብስክሌት የሚመጣለትን ዘመዱን ይጠይቃል፤ ሐዋሳ ያለች እናት ከዲላ መናኸሪያ የተነሣውን ልጇን ትጠይቃለች። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ቅርብ ነኝ» የሚል ነው። ቅርብ ማለት ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንትስ ደቂቃ እንደሆነ ግን የሚናገርም የሚያሰላም ጥቂት ነው።

ይህን ጥያቄ በወረቀትና በእርሳስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መመለስ የሚያስችል ስሌት አለ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ «ሁለት ተለዋዋጮች ያሏቸው መስመራዊ እኩልዮሾች» በሚል ርዕስ ሥር የሚገኘው ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ ብዙ ተማሪዎች ስሌቱን ለፈተና ያህል ሸምድደውት ያልፋሉ። ወላጆቻቸውም የልጆቻቸው ደብተር ስለ ራሳቸው መንገድና ስለ ራሳቸው ቡና እንደሚናገር አያውቁም። ይህ ጽሑፍ ያንኑ ስሌት ከዲላ፣ ከወናጎና ከይርጋጨፌ መንገድ ጋር አያይዞ በአማርኛ ያቀርባል።

መነሻው አንድ ሐሳብ ነው። ሁለት ተሽከርካሪዎች ፊት ለፊት ሲመጡ በመካከላቸው ያለው ርቀት የሚያልቀው በሁለቱ ፍጥነት ድምር ነው። አንዱ ሌላውን ከኋላ ሲከተል ግን ርቀቱ የሚያልቀው በፍጥነታቸው ልዩነት ብቻ ነው። ይህ ድምር ወይም ልዩነት አንጻራዊ ፍጥነት ይባላል። በሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ ተሳፋሪ ከፊት የሚመጣው መኪና ሽው ብሎ ሲያልፈው፣ በጎኑ የሚሄደው መኪና ግን የቆመ ሲመስለው የሚያየው ይህንኑ ነው።

ከዲላ እስከ ሐዋሳ ያለው ርቀት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚኒባስ ከዲላ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ደግሞ ከሐዋሳ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በአንድ ጊዜ ተነሡ እንበል። የማናውቃቸው ነገሮች ሁለት ናቸው፤ የሚገናኙበት ጊዜ እና የሚገናኙበት ቦታ። ጊዜውን «ጊ»፣ ከዲላ ያለውን ርቀት ደግሞ «ር» ብለን እንሰይማቸው። ሚኒባሱ ከዲላ እየራቀ ስለሚሄድ የእርሱ ታሪክ እንዲህ ይጻፋል፦

ር = 50 × ጊ

አይሱዙው ጉዞውን ሲጀምር ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ በየሰዓቱ 40 ኪሎ ሜትር ይቀርባል፦

ር = 90 − 40 × ጊ

ሁለቱ ሲገናኙ አንድ ቦታ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱ «ር» እኩል ይሆናሉ። 50 × ጊ = 90 − 40 × ጊ ሲሆን፣ 40 × ጊን ወደ ግራ ብናሻግረው 90 × ጊ = 90 ይሆናል። ጊዜው አንድ ሰዓት ነው ማለት ነው። የሚገናኙትም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ከዲላ 50 ኪሎ ሜትር ርቀው ነው። 90 የሚለው ድምር፣ ማለትም 50 ሲደመር 40፣ ማንም ሳይጠራው በስሌቱ መሐል ራሱ እንደወጣ ልብ ይሏል። አንጻራዊ ፍጥነት የሚባለው ያ ነው።

እዚህ ላይ «ድምሩን ካወቅን እኩልዮሹ ለምን አስፈለገ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰዓት ከተነሡ በእርግጥም አያስፈልግም፤ 90ን ለ90 ማካፈል ይበቃል። በተግባር ግን ሁለት መኪኖች በአንድ ደቂቃ ተነሥተው አያውቁም። አንዱ ዘግይቶ ይነሣል፤ አንዱ መንገድ ላይ ይቆማል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በጭንቅላት መደመርና መቀነስ ያሳስታል፤ ሁለቱን ታሪኮች ለየብቻ ጽፎ ማስተካከል ግን አያሳስትም።

ከኋላ ተነሥቶ መድረስ

በአቅራቢዎች ዘንድ የሚያጋጥም ነገር እንውሰድ። ቡና የጫነ አይሱዙ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከዲላ ወደ ሐዋሳ ተነሣ። ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው። ከሄደ በኋላ የጭነቱ መሸኛ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ተገኘ። መሸኛ የሌለው ቡና ኬላ ላይ እንደሚያዝ የማያውቅ ነጋዴ የለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ፒክአፕ መሸኛውን ይዞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተነሣ። መኪናው ሐዋሳ ሳይገባ ይደርስበታልን?

አይሱዙው፦ ር = 40 × ጊ

ፒክአፑ ግማሽ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ስለሚጓዝ፦ ር = 60 × (ጊ − 0.5)፣ ማለትም ር = 60 × ጊ − 30

ሁለቱን ስናስተካክል 40 × ጊ = 60 × ጊ − 30፤ ስለዚህ 20 × ጊ = 30፤ ጊ = 1.5 ሰዓት። ር ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ30 ላይ፣ ሐዋሳ ሊገባ 30 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ይደርስበታል። መልካም ዜና ነው።

ፒክአፑ የተነሣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢሆንስ? 40 × ጊ = 60 × ጊ − 60 ይሆናል፤ ጊ = 3 ሰዓት፣ ር = 120 ኪሎ ሜትር። ሐዋሳ ግን 90 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ስሌቱ በወረቀት ላይ መልስ ሰጥቷል፤ መልሱ ግን መንገዱ ካለቀበት ማዶ ነው። መጽሐፍ ላይ ያሉ ጥያቄዎች ይህን አይጠይቁም፤ ነጋዴው ግን መጠየቅ አለበት። የመጨረሻውን የመነሻ ሰዓት ማወቅ ለሚፈልግ፦ አይሱዙው 90 ኪሎ ሜትሩን የሚጨርሰው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው፤ ፒክአፑ በ1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ። ልዩነቱ 45 ደቂቃ ነው። መሸኛው ከ45 ደቂቃ በላይ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ከመኪናው ኋላ መሮጥ ነዳጅ ማባከን ነው፤ የሚሻለው ስልክ ደውሎ ሾፌሩን ማስቆም ነው።

ሁለቱም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ደግሞ 40 × ጊ = 40 × ጊ − 20 የሚል ነገር ይወጣል፤ ይህም 0 = −20 ማለት ነው። እኩልዮሹ «መልስ የለኝም» እያለ ነው። በሠንጠረዥ ወረቀት ላይ ብንሥላቸው ሁለቱ መስመሮች እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን ሄደው አይነካኩም። እኩል የሚሮጡ ሁለት ሰዎች መቼም አይደራረሱም።

የመከታተል ስሌት በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ አለው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው ሊቅ አልኩዊን አዘጋጅቶታል በሚባለው የሒሳብ ጥያቄዎች ስብስብ ውስጥ ጥንቸል የሚያባርር ውሻ አለ። ጥንቸሉ 150 ጫማ ቀድሟል፤ በአንድ ዝላይ ውሻው 9 ጫማ፣ ጥንቸሉ 7 ጫማ ይሄዳሉ። ልዩነቱ 2 ጫማ ስለሆነ ውሻው ከ75 ዝላይ በኋላ ይይዘዋል። ብዙም ሳይቆይ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው አል-ኸዋሪዝሚ ከእኩልዮሽ አንዱ ወገን የጎደለውን ወደ ሌላው እያሻገሩ የመፍታትን ሥርዓት ጻፈ፤ አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው ከመጽሐፉ ርዕስ ነው። ከላይ «ወደ ግራ ብናሻግረው» ያልነው የእርሱ ዘዴ ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ፣ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ነበር። በመጨረሻዎቹ ሜትሮች የሁለቱ የፍጥነት ልዩነት ትንሽ ነበር፤ ወርቁን የወሰነው ግን ያ ትንሽ ልዩነት ነው።

ቃሬዛና አምቡላንስ

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ክብደት ያለው ጉዳይ ይህ ነው። የጌዴኦ መሬት ተዳፋት ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ቡናና እንሰት በዛፍ ጥላ ሥር የተሰደሩበት ገደላማ አገር ነው። በእንዲህ ያለ አገር ምጥ የያዛት እናት ከቤት ወጥታ ጤና ተቋም እስክትደርስ ብዙ ጊዜ በቃሬዛ ላይ ትሆናለች። ጎረቤቶች ይሰባሰባሉ፤ አምቡላንስ ይጠራል፤ ከዚያም ክርክር ይነሣል። «እዚሁ ሆነን እንጠብቅ» የሚል አለ፤ «መንገድ ጀምረን እንገናኝ» የሚል አለ። የትኛው ይሻላል?

ቤቱ አምቡላንሱ ካለበት ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ መንገዱም እስከ ደጃፍ ይደርሳል እንበል። ተሸካሚዎቹ ከእናቲቱ ጋር በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይራመዳሉ። መንገዱ ደህና የጠጠር መንገድ ሆኖ አምቡላንሱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ከከተማው የሚለካው ርቀት እንዲህ ይሆናል፦

አምቡላንሱ፦ ር = 36 × ጊ

ቃሬዛው፦ ር = 20 − 4 × ጊ

40 × ጊ = 20፤ ጊ = ግማሽ ሰዓት፤ ር = 18 ኪሎ ሜትር። ቃሬዛው 2 ኪሎ ሜትር ወርዶ ይገናኛሉ። አምቡላንሱ 18 ኪሎ ሜትሩን ለመመለስ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። በጠቅላላው እናቲቱ ከጥሪው በኋላ በ1 ሰዓት ጤና ተቋም ትደርሳለች። ቤት ሆነው ቢጠብቁ ኖሮ አምቡላንሱ 20 ኪሎ ሜትር መጥቶ 20 ኪሎ ሜትር ይመለስ ነበር፤ ይህም 1 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። በመንገድ መገናኘት ያተረፈው ሰባት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ቁልቁለት ላይ በቃሬዛ መንገላታት ከዚያ ትርፍ ጋር ሲመዘን ምን ያህል ያዋጣል የሚለው ለጤና ባለሙያዋ የሚተው ነው፤ ስሌቱ ግን ጥድፊያው ብዙ ጊዜ እንደማያተርፍ ይናገራል።

አሁን ክረምት ነው እንበል። መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ አምቡላንሱ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሄዳል። እኩልዮሹ ር = 12 × ጊ እና ር = 20 − 4 × ጊ ይሆናል። 16 × ጊ = 20፤ ጊ = 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፤ ር = 15 ኪሎ ሜትር። ቃሬዛው 5 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አምቡላንሱ ለመመለስ ሌላ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሲጨምር ጠቅላላው 2 ሰዓት ተኩል ነው። ቤት ቢጠብቁ ግን 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። ልዩነቱ 50 ደቂቃ ነው። በምጥ ላይ ደም ለሚፈሳት እናት 50 ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

ሁለቱን ስሌቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያያል። የሚተርፈው ጊዜ መጠን የተሸካሚዎቹ ፍጥነት ከሁለቱ ፍጥነት ድምር ላይ ያለው ድርሻ ነው። በመጀመሪያው 4 ከ40፣ ማለትም ከአሥር እጅ አንድ እጅ ነው። በሁለተኛው 4 ከ16፣ ማለትም ከአራት እጅ አንድ እጅ ነው። መንገዱ በከፋ ቁጥር ተነሥቶ መሄድ ይጠቅማል፤ መንገዱ በተሻለ ቁጥር የሚጠቅመው መጠበቅ ነው ወይም ቢያንስ አይጎዳም።

አንድ ነገር ልጨምር። ተሸካሚዎች እስኪሰባሰቡ፣ ቃሬዛ እስኪበጅ ጊዜ ይሄዳል። በደህናው መንገድ ላይ ቃሬዛው የተነሣው ከጥሪው ግማሽ ሰዓት በኋላ ከሆነ የቃሬዛው እኩልዮሽ ር = 20 − 4 × (ጊ − 0.5) ይሆናል፤ ሲፈታ ጊ = 33 ደቂቃ፣ ር = 19.8 ኪሎ ሜትር ይወጣል። እናቲቱ የተጓዘችው 200 ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ሰው ሁሉ ደክሞ ያተረፈው ምንም የለም ማለት ይቻላል። በጭቃው መንገድ ላይ ግን በግማሽ ሰዓት የዘገየ ቃሬዛም ቢሆን ይጠቅማል፤ አንባቢ 36ቱን በ12 ተክቶ ራሱ ሊሞክረው ይችላል። መልሱ ከከተማው 16.5 ኪሎ ሜትር ላይ ይገናኛሉ የሚል መሆን አለበት።

ቀድሞ ማለፍ

ከዲላ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ የሚወስደው መንገድ ዳገትና ኩርባ የበዛበት ነው። ርቀቱ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ወደ ሐገረ ማርያምና ሞያሌ የሚዘልቅ ዋና መንገድ ስለሆነ ከባድ ተሳቢዎች፣ አይሱዙዎች፣ ሚኒባሶችና ባጃጆች አንድ ላይ ይጓዙበታል። ሾፌሮች ቀድመው ለማለፍ ሲወስኑ በዓይን ግምት ነው። ዓይን ግን አንጻራዊ ፍጥነትን በመገመት ደካማ ነው።

ለዚህ ስሌት በሰዓት የሚለካውን ፍጥነት ወደ ሰከንድ መመለስ ያስፈልጋል፤ በሰዓት ኪሎ ሜትርን ለ3.6 ማካፈል ነው። አንድ ሚኒባስ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 20 ሜትር ይጓዛል። ከፊቱ ያለው ተሳቢ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር፣ በሰከንድ 15 ሜትር ይሄዳል። ሚኒባሱ ቀድሞ በደህና ወደ መስመሩ ለመመለስ የተሳቢውን ርዝመት፣ የራሱን ርዝመት፣ ከኋላና ከፊት የሚተወውን ክፍተት ማለፍ አለበት። ተሳቢው 16 ሜትር፣ ሚኒባሱ 5 ሜትር ቢሆኑና ከኋላና ከፊት ወደ 20 ሜትር ገደማ ክፍተት ቢተው ድምሩ 60 ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ፦

ሚኒባሱ፦ ር = 20 × ጊ

የሚደርስበት ቦታ (ከተሳቢው ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ)፦ ር = 60 + 15 × ጊ

5 × ጊ = 60፤ ጊ = 12 ሰከንድ። ሚኒባሱ በተቃራኒ መስመር ላይ 12 ሰከንድ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ 240 ሜትር ይጓዛል። ከፊት የሚመጣ መኪናም በሰከንድ 20 ሜትር ቢመጣ እርሱም 240 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ለማለፍ ሲወጣ ከፊቱ ቢያንስ 480 ሜትር ባዶ መንገድ ማየት አለበት ማለት ነው። ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

አስደንጋጩ የሚከተለው ነው። ተሳቢው ትንሽ ፍጥነት ጨምሮ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ይሂድ፤ በሰከንድ 17.5 ሜትር ነው። ከሾፌሩ ወንበር ሆኖ ሲታይ ለውጡ አይታወቅም። ልዩነቱ ግን ከ5 ወደ 2.5 ይወርዳል፤ ጊዜው ወደ 24 ሰከንድ ይሄዳል፤ ባዶ መሆን ያለበት መንገድ 960 ሜትር ይሆናል። 9 ኪሎ ሜትር በሰዓት የጨመረው ተሳቢ አስፈላጊውን ርቀት በእጥፍ አሳደገው። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ የሚታይበት ቦታ ስንት ነው? ሾፌሮቹ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

«እንግዲያው ጋዝ ጨምሬ ቶሎ ልለፍ» የሚለው ሐሳብ በስሌቱ ሲታይ በከፊል እውነት አለው። ተሳቢው በሰዓት 54 እየሄደ ሚኒባሱ 90 ቢሄድ ልዩነቱ በሰከንድ 10 ሜትር ይሆናል፤ በ6 ሰከንድ ያልፋል፤ የሚያስፈልገው ባዶ መንገድም 270 ሜትር ነው። ነገር ግን ድንገት ላም ወይም ሕፃን መንገድ ላይ ቢወጣ ፍሬን ተይዞ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ72 ወደ 90 ማደግ ፍጥነቱን በሩብ ሲጨምረው የመቆሚያ ርቀቱን ግን ከግማሽ በላይ ይጨምረዋል። ይህ ቀጥ ባለ መስመር የማይገለጽ ነገር ስለሆነ የመስመራዊ እኩልዮሽ ሥልጣን እዚህ ላይ ያበቃል።

እግረኛውም ከዚሁ ስሌት ውጭ አይደለም። 7 ሜትር ስፋት ያለውን አስፋልት በሰከንድ 1.25 ሜትር የሚራመድ ጎልማሳ በ5.6 ሰከንድ ይሻገራል። በዚያ ጊዜ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና 112 ሜትር ይጓዛል። በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመዱ አዛውንት፣ ወይም የእንሰት ቅጠል ተሸክመው ከገበያ የሚመለሱ እናት፣ 8.75 ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል፤ መኪናውም 175 ሜትር ይጓዛል። ከኩርባ አጠገብ መሻገር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁለት ያልታወቁ ፍጥነቶች

እስካሁን ፍጥነቶቹ ታውቀው ጊዜና ቦታ ነበር የሚፈለገው። ፍጥነቶቹ ራሳቸው የማይታወቁበት ጊዜም አለ፤ ትክክለኛው የሥርዓተ እኩልዮሽ ጥቅም የሚታየው እዚያ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአገራችን ባሮ ወንዝ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ከብሪታኒያ ጋር በተደረገ ስምምነት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ውኃው በሚሞላበት ክረምት ከሱዳን የሚመጡ በእንፋሎት የሚሠሩ መርከቦች የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና እየጫኑ ይመለሱ ነበር። ቡናው ወንዙን ተከትሎ ሲወርድ ውኃው ያግዛል፤ መርከቡ ሲመለስ ውኃው ይጎትታል።

አንዲት ጀልባ 60 ኪሎ ሜትር ወንዙን ተከትላ በ4 ሰዓት ወረደች፤ ያንኑ መንገድ በ6 ሰዓት ወጣች እንበል። የጀልባዋን ፍጥነት «ጀ»፣ የውኃውን «ው» ብንል፣ ስትወርድ ፍጥነታቸው ይደመራል፤ 60 ለ4፣ ማለትም 15። ስትወጣ ይቀነሳል፤ 60 ለ6፣ ማለትም 10።

ጀ + ው = 15

ጀ − ው = 10

ሁለቱን መስመሮች ስንደምራቸው «ው» ይጠፋል፤ 2 × ጀ = 25፤ ጀ = 12.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት፤ ው = 2.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ወንዙ ላይ መለኪያ ሳይተከል የወንዙ ፍጥነት ታወቀ። አንዱ ፊደል ሌላውን እያጠፋ የሚፈታበት ይህ መንገድ የማስወገድ ዘዴ ይባላል፤ ከላይ የተጠቀምንበት የመተካት ዘዴ ነው። የግብርና ኮሌጅ ምሩቅ ይህን ዘዴ ከሌላ በር ያውቀዋል። 46 በመቶ ናይትሮጅን ያለውን ዩሪያና 19 በመቶ ናይትሮጅን ያለውን ኤንፒኤስ አቀናጅቶ ለአንድ ማሳ የሚያስፈልገውን የናይትሮጅንና የፎስፈረስ መጠን ለማግኘት የሚጻፉት ሁለት መስመሮች የእነዚህ ወንድሞች ናቸው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ከዲላ ሐዋሳ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሄዶ በ30 የተመለሰ ሰው አማካይ ፍጥነቴ 45 ነው ይላል። አይደለም። ሲሄድ 1 ሰዓት ተኩል፣ ሲመለስ 3 ሰዓት፣ በጠቅላላው 180 ኪሎ ሜትር በ4 ሰዓት ተኩል ነው፤ አማካዩ 40 ነው። በዝግታ የተጓዘበት ጊዜ ስለሚበልጥ አማካዩን ወደ ታች ይጎትተዋል። «80 እየነዳሁ ነው» የሚለውን ሾፌር ቃል ወስዶ የሚያሰላም እንዲሁ ይሳሳታል፤ ኬላው፣ ቁርሱ፣ ተሳፋሪ ማውረዱ አይቆጠሩምና። 90 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት የሚጨርስ መኪና ለስሌት የሚያገለግለው ፍጥነቱ 45 ነው፤ የፍጥነት መለኪያው ምንም ያሳይ ምን።

ለእሸት ቡና ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። የተለቀመ ቀይ እሸት በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ አቅራቢው ሰዓቱን ከማጠቢያ ጣቢያው ወደ ኋላ መቁጠር አለበት። ማጠቢያው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እሸት መቀበል የሚያቆም ከሆነና መኪናው በየመሰብሰቢያው እየቆመ በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ፣ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው የመጨረሻ መሰብሰቢያ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ጭኖ መጨረስ አለበት። የመኪናውን የፍጥነት መለኪያ አምኖ በ40 ያሰላ ሰው ግን እስከ 12 ሰዓት ከሩብ ጊዜ ያለው ይመስለዋል።

ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለሚያስጠኗቸው አንድ ጥያቄ ትተናል። ሁለት ሞተር ብስክሌቶች አሉ፤ ፈጣኑ ይርጋጨፌ፣ ዘገምተኛው ዲላ ናቸው፤ በመካከላቸው 35 ኪሎ ሜትር አለ። በአንድ ጊዜ ተነሥተው ፊት ለፊት ቢመጡ በግማሽ ሰዓት ይገናኛሉ። ሁለቱም ወደ ሐዋሳ አቅጣጫ ቢሄዱ ግን ፈጣኑ ዘገምተኛውን ለመድረስ 3 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ፍጥነታቸው ስንት ስንት ነው? የሚደራረሱትስ ሐዋሳ ሳይገቡ ነው ወይስ ካለፉ በኋላ? መልሱ በሰዓት 40 እና 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚደራረሱትም ሐዋሳን 15 ኪሎ ሜትር አልፈው ነው።